ይህቺ ተርብ ስም አላት ወይስ የላትም?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ደረቅና ጠጣር መሬት ላይ ጉድጓድ እየቆፈሩ ትናንሽ ጥንዚዛ ታቅፈው የሚገቡ ጥቁርና ቢጫ ተርቦች አገኘሁ። ሦስት ሴትና አንድ ወንድ ይዤ በመርፌ ወግቼ አስቀምጫለሁ። የመለያ ቁልፉን ስከተል ሰርሰሪስ የሚባለው ጂነስ (የሚቀራረቡ ዝርያዎች ወገን) ላይ አደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንዱም ዝርያ አልገጥም አለኝ። የስልክ መተግበሪያውም ለአራቱ ሦስት የተለያየ ስም ሰጠኝ። አዲስ ዝርያ ሊሆን ይችላል? ከሆነስ ገልጬ ስም የማወጣለት እንዴት ነው?»

ሊሆን ይችላል። ሰርሰሪስ በዝርያ ብዛት በማኅበር ከማይኖሩት ብቸኛ ተርቦች ሁሉ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፤ ስም የወጣላቸው ብቻ ከ850 ይበልጣሉ፤ ስም ሳያገኙ በየሙዚየሙ መሳቢያ የተቀመጡም አሉ። ይሁን እንጂ «ከቁልፉ ጋር አልገጠመም» በማለትና «አዲስ ዝርያ ነው» በማለት መካከል ብዙ ሥራ አለ። ቁልፍ፣ ማለትም ምልክት በምልክት እያስመረጠ ወደ ዝርያው ስም የሚያደርስ ጽሑፍ፣ የሚያገለግለው አዘጋጁ ለሚያውቃቸው ዝርያዎችና ለወሰነው አካባቢ ነው። ከዚያ ክልል ውጭ የምትገኝ ዝርያ ካለች፣ ወይም ቁልፉ ከተጻፈ በኋላ የተሰየመች ካለች፣ ወይም የምትታወቀው በወንዷ ብቻ ሆኖ እርስዎ የያዙት ሴቷን ከሆነ፣ ቁልፉ ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ደግሞ ማስረጃ አይደለም።

እኔ በዚህ ሙያ የማምነው አንድ ነገር ነው። አዲስ ነው ብዬ ከጠረጠርሁበት ሰዓት ጀምሮ ሥራዬ አዲስ አለመሆኑን ማሳየት ይሆናል። ይህን ጥርጣሬ የሚጥል ነገር ሁሉ ፈልጌ ፈልጌ ሳጣ፣ ያን ጊዜ ብዕር አነሳለሁ። እርስዎም በዚህ መንገድ እንዲሄዱ ነው የምመክረው።

መጀመሪያ ጂነሱን እናጥራ። እርስዎ በላኩልኝ ፎቶዎች ላይ የሚታየኝ ከሰርሰሪስ ጋር ይስማማል። የሆዷ ቀለበቶች በየመጋጠሚያቸው ጠበብ ስለሚሉ ጎኗ እንደ ዶቃ ክር ጎበጥ ጎበጥ ብሏል፤ የመጀመሪያው ቀለበት ከተከታዩ እጅግ ይቀጥናል፤ በፊት ክንፏ ከጠርዙ ሥር ከተደረደሩት ሦስት ክፍልፋዮች መካከለኛው ሦስት ማዕዘን ሆኖ በአጭር ዘንግ ተንጠልጥሏል። ፎቶው ያላሳየኝ የኋላ እግሯን ጭን ጫፍ ነው። በሰርሰሪስ ጫፉ በስለት እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ይህን እርስዎ በማይክሮስኮፕ ያረጋግጡ። ጾታውንም አንቴና ቆጥረው ያጽኑ፤ ሴቷ 12 ክፍል፣ ወንዱ 13 ክፍል አላቸው። ከውጭ የሚታዩት የሆድ ቀለበቶችም የሴቷ 6፣ የወንዱ 7 ናቸው። መጠንና ቀለም አይተው ብቻ «ይህ ወንድ ነው» አይበሉ።

ጽሑፍ ሲፈልጉ የቤተሰቡ ስም እንዳያደናግርዎ። የድሮዎቹ መጻሕፍት ሰርሰሪስን ስፌሲዴ ሥር ያስቀምጡታል፤ በኋላ ክራብሮኒዴ ሥር ገባ፤ በ2018 የታተመ የዘረመል ጥናት ደግሞ ፊላንቲዴን ራሱን የቻለ ቤተሰብ አድርጎ ሰርሰሪስን እዚያ አኖረው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሦስቱንም ስሞች ካልፈለጉ ግማሹ ጽሑፍ ያመልጥዎታል። በነገራችን ላይ ይኸው ጥናት ንቦች ከእነዚህ አዳኝ ተርቦች መካከል መውጣታቸውን አጽንቶታል። በእጅዎ የያዟት ተርብ የማር ንብ የሩቅ አክስት ናት ማለት ነው፤ እሷ ግን ሠራተኛ የላት፣ ንግሥት የላት፣ ጉድጓዷን ራሷ ቆፍራ፣ አድና፣ እንቁላሏን ጥላ የምትሄድ ብቸኛ እናት ናት።

አሁን ወደሚያሳስቱት ነገሮች እንምጣ። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ «አዲስ ናቸው» ተብለው ከሚመጡልኝ ተርቦች አብዛኞቹ የሚወድቁት እዚህ ነውና።

በጥያቄዎ ውስጥ ጎልቶ የተጠቀሰው ልዩነት ቢጫው ነው፦ «አንዷ በሦስተኛው ቀለበት ላይ ሙሉ ቢጫ መቀነት አላት፣ ሌላዋ መሃሉ የተቆረጠ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ቢጫዋ ወደ ቀይ ያዘነበለ»። የተርብ ቢጫ አይታመንም። በአንድ ዝርያ ውስጥ ከቦታ ቦታ ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ይቆራረጣል። ይባስ ብሎ በአንድ አካባቢ የሚኖሩ፣ በዝምድና የማይገናኙ ተርቦች ነዳፊነታቸውን ለአዳኞቻቸው በአንድ ዓይነት ቀለም ማስታወቅ ስለሚጠቅማቸው ተመሳስለው ይገኛሉ። የስልክ መተግበሪያው ሦስት ስም የሰጠዎትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ የሚያየው ከሁሉ በፊት የቀለሙን ንድፍ ነው። ወደ ቀይ ያዘነበለችውን በተመለከተ ደግሞ የምጠይቅዎ ጥያቄ አለኝ፤ የገደሏት በምንድን ነው? ሳያናይድ ባለበት ጠርሙስ የቆየች ተርብ ቢጫዋ ወደ ቀይ ይለወጣል። በዚህ ቀይ ላይ ተመሥርቶ ዝርያ መለየት የጠርሙሱን ታሪክ እንደ ተርቧ ታሪክ መቁጠር ነው።

መጠንም እንዲሁ ነው። የብቸኛ ተርብ አዋቂ አካል የሚወሰነው እጯ በበላችው ልክ ነው። እናቲቱ በአንዱ ክፍል ስድስት ጥንዚዛ፣ በሌላው ሦስት ብታኖር ከአንድ ጉድጓድ ትልቅና ትንሽ እህትማማቾች ይወጣሉ። ካደገች በኋላ አትጨምርም። ስለዚህ ፍጹም ርዝመት ሳይሆን ምጥጥን ይለኩ፤ በሁለቱ ዐይኖች መካከል ያለው ስፋት ከክሊፒየሱ (ከመንጋጋው በላይ ካለው የፊት ሰሌዳ) ስፋት ጋር፣ የሆድ የመጀመሪያው ቀለበት ርዝመት ከራሱ ስፋት ጋር፣ በአናቷ ላይ ካሉት ከኋለኞቹ ትናንሽ ዐይኖች እስከ ትልቁ ዐይን ያለው ርቀት በሁለቱ ትናንሽ ዐይኖች መካከል ካለው ርቀት ጋር። እነዚህ አካሏ ቢያንስም ቢበዛም ከሞላ ጎደል ይጸናሉ።

ሦስተኛው በሥራ ብዛት መበላትና ማለቅ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። እነዚህ ተርቦች ጠጣር መሬት በመንጋጋቸው ይፈለፍላሉ። ለሳምንታት የቆፈረች ሴት የመንጋጋዋ ጥርሶች ያልቃሉ፣ የክሊፒየሷ ጠርዝም ይበላል። ከዓመታት በፊት ከአንድ ቦታ የመጡ ሁለት ሴቶች ነበሩኝ። የአንደኛዋ የክሊፒየስ ጠርዝ ቀጥ ያለ፣ የሌላዋ በሁለት ትናንሽ ጥርሶች ያበቃ ነበር። ሁለት ዝርያ ናቸው ብዬ ለየብቻ ሣልኳቸው፣ ለየብቻ ማስታወሻ ጻፍሁላቸው። በተከታዩ ወቅት ከዚያው ቦታ ሦስተኛ ሴት መጣች፤ ጥርሶቿ ከሁለቱ መካከል ናቸው። ያን ጊዜ ነው ክንፎቻቸውን ጎን ለጎን ያየሁት። ጥርስ ያላት ክንፏ ሙሉ ነው፤ ጥርስ የሌላት የክንፏ ጠርዝ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተልትሏል፤ የመካከለኛዋም ክንፍ መካከለኛ ነው። አንድ ዝርያ፣ ሦስት ዕድሜ። ከዚያ ወዲህ ክሊፒየስ ከማየቴ በፊት የክንፍ ጫፍ አያለሁ። በላኩት ሁለተኛ ፎቶ ላይ ያለችው ሴትም የክንፏ ጫፍ ክፉኛ ተበልቷል፤ በእሷ ክሊፒየስ ላይ ምንም እንዳይመሠርቱ።

አራተኛውን ባጭሩ ልለፈው። ስትሬፕሲፕቴራ የሚባሉ ጥገኛ ነፍሳት በተርብና በንብ ሆድ ውስጥ ያድጋሉ፤ የተጠቂዋን ቀለም፣ ፀጉርና አንዳንዴም የጾታ ምልክት ያዛባሉ። የሆድ ቀለበቶቹን መጋጠሚያ በደንብ ይመልከቱ፤ ከቀለበቱ ሥር ብቅ ያለ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ እብጠት ካለ ያቺ ናሙና ለገለጻ አትሆንም።

እንግዲህ ምኑ ይታመናል? በሰርሰሪስ ሴቶች ከሁሉ በላይ የሚናገረው ክሊፒየስ ነው፤ ከአንቴናዎቹ ሥር፣ ከመንጋጋው በላይ ያለው የፊት ሰሌዳ ማለቴ ነው። እርስዎ ያነሱት ከፊት ለፊት ስለሆነ ጠፍጣፋ ቢጫ ነገር ብቻ ይታያል። ተርቧን ወደ ጎን አዙሩና መብራቱን ከአንድ ወገን ብቻ ዝቅ አድርገው ያብሩ፤ በመብራቱና በተርቧ መካከልም ነጭ ስስ ወረቀት ያቁሙ፤ አለዚያ የቅርፊቷ ነጸብራቅ ሁሉንም ይውጠዋል። ያን ጊዜ መሃሉ ላይ ከፊቷ ተነጥላ ወደ ፊት የወጣች ቀጭን ሰሌዳ ጥላ ስትጥል ያያሉ። በአንዳንዱ ዝርያ አፍንጫ የምትመስል ጉብታ ናት፤ በሌላው እንደ ቆብ ጠርዝ ስስ ትሆንና ሥሯ ባዶ ይሆናል፤ በሌላው ጫፏ ለሁለት ገባ ይላል። ከፊት ሆኖ ስፋቷን፣ ከጎን ሆኖ ርዝመቷንና ከፊቷ ጋር የምትሠራውን ማዕዘን፣ ከሥር ሆኖ የታችኛውን ጉድጓዷን ይሳሉ። ፎቶ አይበቃም፣ ይሳሉ። እጅ ሲስል ዐይን ያላስተዋለውን ለማስተዋል ይገደዳል።

ከዚያ ቀጥሎ የማያቸው አራት ቦታዎች አሉ። በደረቷ ጀርባ መጨረሻ ያለው ሦስት ማዕዘን ሜዳ ለስላሳ ነው ወይስ የተሸነተረ? ሽንትሩ ቁልቁል ነው ወይስ አግድም? በሁለተኛው የሆድ ቀለበት ታችኛ ሰሌዳ ግርጌ ከፍ ያለ መድረክ አለ ወይስ የለም? በደረቷ ጎን ሹል ጉብታ አለ? በሆዷ ጫፍ ላይ ያለው ሰሌዳ ጎኖቹ ትይዩ ናቸው ወይስ ወደ ጫፉ ይጠባሉ? ቅርፊቷ ላይ የተበተኑት ጥቃቅን ጉድጓዶች ጥግግታቸውም ብዙ ይናገራል፤ በመካከላቸው ያለው ቦታ ከአንድ ጉድጓድ ስፋት ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለውን ቁጥር አድርገው ይያዙ። «ጥቅጥቅ ያለ» የሚለው ቃል ለእርስዎና ለእኔ አንድ አይደለም።

ወንዱን በተመለከተ ልቤ ገና አልተቀበለውም። ከሴቶቹ ጋር በአንድ ቦታ መያዙ ባልነቱን አያረጋግጥም፤ በአንድ ጠጣር መሬት ላይ ሁለት ሦስት የሰርሰሪስ ዝርያ ጎን ለጎን ሲቆፍር የተለመደ ነው። የወንድ ክሊፒየስ የሴቷን ቅርጽ አይይዝም፤ ስለዚህ ከፊቱ ተነሥቶ ማዛመድ አይቻልም። የሚያዛምዱት የሁለተኛው ቀለበት መድረክ፣ የሦስት ማዕዘኑ ሜዳ ሽንትርና የጉድጓዶቹ ጥግግት ናቸው፤ እነዚህ በሁለቱም ጾታ ተቀራርበው ይገኛሉ። ብልቱንም ያውጡ። ናሙናው ደርቆ ከሆነ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከእርጥብ ጥጥ ጋር አንድ ሌሊት አሳድረው ሲለሰልስ በቀጭን መንጠቆ ይሳቡት፤ ያጽዱትና ከናሙናው ጋር በዚያው መርፌ ላይ በትንሽ ማስቀመጫ ያኑሩት።

ዲኤንኤ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ወንድና ሴትን ለማዛመድ። በ2003 መለያ ኮድ ሆኖ እንዲያገለግል የታቀደው የሚቶኮንድሪያ (በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመርተው ክፍል) ዲኤንኤ ቁራጭ 658 ፊደል ይረዝማል፤ አንድ የመካከለኛ እግር ይበቃዋል። የወንዱና የሴቶቹ ቁራጭ አንድ ከሆነ ጥሩ ማስረጃ አገኙ። ነገር ግን ከመረጃ ቋቱ ጋር አስተያይተው «ተመሳሳይ አልተገኘም» ቢልዎት አዲስ ዝርያ ነው ማለት አይደለም፤ የዚያችን ዝርያ ኮድ እስካሁን ማንም አላነበበም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከተሰየሙት የሰርሰሪስ ዝርያዎች ብዙዎቹ ስማቸው የተመሠረተው መቶ ዓመት ባለፋቸው ደረቅ ናሙናዎች ላይ ነው። በሌላ በኩል ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ዎልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ የሚቶኮንድሪያውን ታሪክ ከዝርያው ታሪክ ሊያጣርሰው ይችላል። በ2021 ከኮስታሪካ 403 ጥገኛ ተርቦች በአንድ ጽሑፍ ሲሰየሙ አብዛኞቹ የተለዩት በዚህ ኮድና በፎቶ ነበር፤ በባለሙያዎች መካከል ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። እኔ ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነኝ። የማስፈጠኑን አስፈላጊነት አላጣሁትም፤ ነገር ግን ማይክሮስኮፕ እንጂ ቤተ ሙከራ የሌለው ሰው ያቺን ተርብ በእጁ ይዞ ማወቅ ካልቻለ ስሙ ለማን ተሰጠ?

አሁን ወደ አድካሚው ክፍል ደረስን፤ ወደ ስሞቹ። የሰርሰሪስን ስሞች በሙሉ፣ ትክክለኞቹንም የተሻሩትንም፣ የት እንደታተሙና የስሙ መሠረት የሆነው ናሙና የት እንደተቀመጠ የሚዘረዝር በቮይቼክ ፑላቭስኪ የተዘጋጀ ካታሎግ በካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል። ለጂነሶቹ አጠቃላይ መልክ ደግሞ ቦሃርትና ሜንኬ በ1976 ያሳተሙት የዓለም የስፌሲድ ተርቦች መጽሐፍ እስካሁን አልተተካም። ከካታሎጉ ለእርስዎ አካባቢና ለአጎራባቹ ሁሉ የተጠቀሱትን ስሞች አውጥተው ዝርዝር ይሥሩ። የተሻሩትን አይዝለሉ፤ የተሻረ ስም ያላግባብ ተሽሮ ከሆነ፣ የእርስዎ ተርብ ባለቤቱ ልትሆን ትችላለች። ስም ሲመረጥ የሚቀድመው በቀድሞ የታተመው ነው፤ የእንስሳት ስያሜ ቆጠራም የሚጀምረው ከስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ከሊኔየስ የ1758 እትም ነው። ለምሳሌ ሰርሰሪስ አሬናሪያ ስትጻፍ ከኋላዋ «ሊኔየስ፣ 1758» በቅንፍ ይገባል፤ ቅንፉ የሚናገረው ሊኔየስ ሲሰይማት በሌላ ጂነስ ውስጥ እንደነበረች ነው፤ ሰርሰሪስን ላትሬይ ያቆመው በ1802 ነውና። ቅንፉን ያስተዋለ ሰው በየትኛው የድሮ ስም መፈለግ እንዳለበት ወዲያው ያውቃል።

ከዝርዝሩ እያንዳንዱን የመጀመሪያ መግለጫ ፈልገው ያንብቡ። የ19ኛው ክፍለ ዘመኖቹ ብዙውን ጊዜ በላቲን፣ በጀርመንኛ ወይም በፈረንሳይኛ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ናቸው፤ የሚያወሩትም ስለ ቀለም ነው። ከእነሱ ብቻ አይወሰንም። ስለዚህ በመልክ የሚጠጉት አምስት ስድስት ሲቀሩ የስሙ መሠረት የሆነውን ናሙና ራሱን ማየት ያስፈልጋል። ለሙዚየሙ የነፍሳት ክፍል ኃላፊ ይጻፉ። «የዚህች ናሙና ፎቶ ላኩልኝ» ብቻ አይበሉ፤ ክሊፒየሱ ከጎን፣ የሁለተኛው ቀለበት ታችኛ ሰሌዳ፣ የሦስት ማዕዘኑ ሜዳ ብለው ይዘርዝሩ፤ የመለያ ወረቀቶቹንም ፎቶ ይጠይቁ። ግልጽ ጥያቄ ግልጽ መልስ ያመጣል። በርካታ «አዲስ» ተርቦቼ ያበቁት ከእንዲህ ያለ ደብዳቤ በተመለሰ አንድ ፎቶ ነው፤ በዚህም አዝኜ አላውቅም፤ ስሟን ያጣች ተርብ ስሟን አገኘች።

መሳቢያዎቹ ግን በተቃራኒውም ይሠራሉ። ከኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ደሴት የመጣችውና ወንዱ ከፊት እግሮቹ የሚረዝም ማጭድ መሰል መንጋጋ ያለው ሜጋላራ ጋሩዳ የምትባል ተርብ ስሟን ያገኘችው በ2012 ነው፤ በ1930 የተሰበሰበ ናሙና ግን በበርሊን ሙዚየም ሳይሰየም ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ለሙዚየሞቹ ሲጽፉ ስላልተለዩት የሰርሰሪስ ናሙናዎቻቸውም ይጠይቁ። የእርስዎ ተርብ ወንድሞችና እህቶች እዚያ ሊኖሩ ይችላሉ።

ጥንዚዛዋን በተመለከተ አንድ አደራ አለኝ። ሴቷን ሲይዙ የታቀፈችውንም ይዘዋል? የአብዛኛው ሰርሰሪስ አደን ጥንዚዛ ነው፤ አንዱ ዝርያ ነቀዝን፣ ሌላው አብረቅራቂ ጥንዚዛን ይመርጣል፤ ሰርሰሪስ ሪቢየንሲስን የመሰሉ ጥቂቶች ደግሞ ንብ ያድናሉ። ምርጫቸው ጥብቅ ስለሆነ ለመለየት ይረዳል። ፈረንሳዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሌዮን ዱፉር በ1841 ስለ አንዲት ሰርሰሪስ ሲጽፍ በጉድጓዷ ያሉት ጥንዚዛዎች ሳይበሰብሱ መቆየታቸው ተርቧ ከመበስበስ የሚከላከል ፈሳሽ ስለምትወጋቸው ነው ብሎ ነበር። የአገሩ ልጅ ዣን አንሪ ፋብር በ1855 ባሳተመው ጽሑፍ ጥንዚዛዎቹ አለመሞታቸውን አሳየ፤ የሚያንቀሳቅሳቸውን የነርቭ ቋጠሮ ወግታ አደንዝዛቸው ነው እንጂ በሕይወት አሉ። ይህን በዐይንዎ ማየት ይችላሉ። ከተርቧ የተነጠቀ ነቀዝ በክዳን ዕቃ ያኑሩና በየጊዜው በብሩሽ ጫፍ ይንኩት፤ መራመድ አይችልም፣ አንቴናው ግን ሊንቀሳቀስ ይችላል። ለእጯ ትኩስ ሥጋ ሆኖ የሚጠብቀው በዚህ ሁኔታ ነው። የተያዘውን አደን በተርቧ መለያ ቁጥር አስመዝግበው ለጥንዚዛ ባለሙያ ይስጡ።

የአኗኗር መረጃ ጌጥ አይደለም። በ2014 ከቻይና የተገለጸችውን ዲውተራጄኒያ ኦሳሪየም የምትባል ሸረሪት አዳኝ ተርብ ያስታውሱ፤ ጎጆዋን የምትዘጋው የመጨረሻውን ክፍል በሙት ጉንዳኖች ሞልታ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ያወቁት ተርቦች እንዲገቡባቸው ሸምበቆ በቱቦ አስረው ስላስቀመጡ ነው፤ በመረብ የተያዘች ናሙና ብቻ ይዘው ቢሆን ኖሮ የዚያ ነገር ወሬ አይኖርም ነበር። እርስዎም የጉድጓዱን ጥልቀት፣ አፉ ላይ የአፈር ክምር መኖር አለመኖሩን፣ ስትወጣ አፉን ትዝጋ አትዝጋ ይመዝግቡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ልዩነቱ ከጸና ወደ መጻፍ ይሄዳሉ። የጽሑፉ ልብ ዲያግኖሲስ የሚባለው አንቀጽ ነው፤ ዝርያዋን ከምትመስላቸው ሁሉ በምን እንደምትለይ የሚናገር። «መካከለኛ መጠን ያላት፣ ጥቁር፣ ቢጫ መቀነት ያላት» ቢሉ ምንም አላሉም፤ ይህ ለመቶ ዝርያ ይሆናል። «የሴቷ ክሊፒየስ ነጻ ሰሌዳ ስፋቱ የርዝመቱ ሁለት እጥፍ ሆኖ ጫፉ ቀጥ ያለ ነው፤ በምትቀርባት በእገሊት ግን ስፋቱና ርዝመቱ እኩል ሆኖ ጫፉ ገባ ይላል» ካሉ ግን፣ አንዲት ሴት ብቻ በእጁ ያለች ሰው መወሰን ይችላል። እኔ ይህን አንቀጽ ጽፌ ስጨርስ ተርቡን ለማያውቅ ባልደረባ ሁለት ናሙና ሰጥቼ አንቀጹን ብቻ አንብቦ እንዲለያቸው እጠይቀዋለሁ። ካልለየ አንቀጹ ይታደሳል።

ሕጉን በተመለከተ፣ ከ2000 መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ ያለው የእንስሳት ስያሜ ሕግ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፣ ግን አይታለፍም። ስሙ አዲስ መሆኑ በግልጽ ይጻፋል፤ ሆሎታይፕ፣ ማለትም የስሙ መሠረት የሚሆነው አንድ ናሙና ተለይቶ ይጠቀሳል፤ የሚቀመጥበት ስብስብም ይነገራል። በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚታተም ጽሑፍ ከ2012 ወዲህ ተቀባይነት አለው፤ አስቀድሞ ዙባንክ በሚባለው መዝገብ መግባትና ይህም በጽሑፉ ውስጥ መታየት አለበት። ለሆሎታይፕ ክንፏ ሙሉ የሆነችውን ሴት ይምረጡ። የዲኤንኤውን እግር ከሆሎታይፕዋ ራሷ ይውሰዱ ብዬ እመክራለሁ፤ ቅሬታ ያላቸው ባልደረቦች አሉ፣ ነገር ግን ኮዱ ከስሙ ጋር የማይፈታ ቋጠሮ የሚያስረው ይህ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ፓራታይፕ፣ ማለትም ከሆሎታይፕዋ ጋር አብረው የሚጠቀሱ ናሙናዎች ይሆናሉ። የወንዱ ነገር ካልጸና «ምናልባት የዚህች ዝርያ ወንድ» ብለው ይግለጹት እንጂ ከፓራታይፕ አይደምሩት። ሆሎታይፕዋ በቤትዎ ሳጥን ልትቀር አይገባም፤ ማንም መጥቶ ሊያያት በሚችልበት የሕዝብ ሙዚየም ትቀመጥ። የተሰበሰበችበት አገር የመሰብሰብና የማውጣት ፈቃድም ከጽሑፉ በፊት በእጅ መሆን አለበት፤ በተለይ በ2014 ሥራ ላይ የዋለውን የናጎያ ፕሮቶኮል (የዘረመል ሀብት አጠቃቀምና የጥቅም ክፍፍል ስምምነት) የተቀበሉ አገሮች ይህን በጥብቅ ይጠይቃሉ።

ስሙን ለመምረጥ ብዙ አይጨነቁ፣ ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ሰርሰሪስ በላቲን ሰዋስው አንስታይ ናት፤ የሚጨመርላት ቅጽል አንስታይ መሆን አለበት። ለሰው መታሰቢያ ከሆነ ለወንድ በ«ኢ»፣ ለሴት በ«ኤ» ድምፅ የሚያልቅ የባለቤትነት መልክ ይሰጠዋል፤ በራስ ስም መሰየም የተነወረ ነው። በጂነሱ ውስጥ ከዚህ በፊት ያገለገለ ስም፣ የተሻረም ቢሆን፣ አይደገምም፤ ካታሎጉን ይፈትሹ። ሌላው ጥንቃቄ ይበልጣል፦ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ስሙን በየትም አይለጥፉት። መግለጫ የሌለው ስም በሕጉ ፊት ባዶ ስም ነው፤ ከተበተነ በኋላ ግን ሰው ይጠቀምበትና ማጥራቱ ለዓመታት ያደክማል።

በሦስት ሴትና በአንድ ወንድ ይጻፍ ወይ? ሕጉ አይከለክልም፤ አንድ ናሙናም ይበቃዋል። እኔ ግን አልጽፍም። በሦስት ናሙና የአንድን ዝርያ ውስጣዊ ልዩነት ማወቅ አይቻልም፤ ከሦስቱም አንዷ ያለቀች፣ አንዷ ቀለሟ የተለወጠ ነች። ቦታውን ያውቁታል፤ በሚቀጥለው ወቅት ይመለሱ። አሥር ያህል ሴቶች በቂ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ትንሽ ሰፈራቸውን አይጉዱት። ቢያንስ ሦስቱን ወዲያው 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ያስገቡ። ሌሎቹን አቀዝቅዘው ገድለው፣ ሳይደርቁ መንጋጋቸውን ከፍተው ይውጉ፤ መርፌው ከደረቱ መሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ይግባ፣ ግራው ሳይነካ እንዲቀር። መለያ ወረቀቱ ላይ አገር፣ ቦታ፣ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር፣ ከፍታ፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ቀንና ዓመት፣ የሰብሳቢ ስም ይጻፍ፤ ወሩ በሮማ ቁጥር ይሁን፣ ቀንና ወር እንዳይምታታ።

እስከዚያ ድረስ ከእርስዎ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። በሦስተኛው ፎቶ ላይ ያለችውን፣ ክንፏ ሙሉ የሆነችውን ሴት ክሊፒየስ ከጎንና ከሥር አንሥተው ይላኩልኝ። የእሷንና የወንዱን ሁለተኛ ቀለበት ከታች በኩል በአንድ ዓይነት መብራት ያንሡ። ቀይዋን ተርብ ደግሞ በየትኛው ጠርሙስ ውስጥ፣ ለስንት ሰዓት እንዳቆዩዋት ይንገሩኝ።